የእናንተ ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ለሁለት ልትከፈል ነው እንዴ?

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከአዋሽና ከመተሃራው መንቀጥቀጥ ወዲህ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ በብዛት ስለ መሬት ሆኗል፣ ህዳር 2018 ላይ ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ በየመንና በኦማን አድርጎ ህንድ ድረስ ሲሄድ ጭራሽ ባሰ። ስለዚ በዚህ እትም ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን ስለሱ ብቻ እናወራለን። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የካቲት ላይ ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ልጆቼን አቅፌ ደረጃ ላይ ነው ያደርኩት። አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ ኢትዮጵያ ለሁለት ልትከፈል ነው፣ መሃሏ ላይ ባህር ሊገባ ነው እያሉ ቪዲዮ ይለቃሉ። እውነት ነው? ልጆቼ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ የዛ ሌሊት ድንጋጤሽ በደንብ ይገባኛል፣ የካቲት 7 ቀን 2017 የነበረው በሬክተር ስኬል 6.0 ነው፣ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ምድር ቤት ካለው ይልቅ ብዙ ነው የሚወዛወዘው። ቪዲዮው ላይ የሚሉት ነገር መነሻው እውነት ነው፣ የጠፋበት የጊዜው ነገር ነው፣ እና እሱን ልለይልሽ።

የቆምንበት መሬት አንድ ወጥ አይደለም። ጠንካራው የላይኛው ክፍል፣ ውፍረቱ ብዙ ቦታ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ማለት ነው፣ በትላልቅ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው፣ ፕሌት የሚሏቸው እነሱን ነው። ከስራቸው ያለው ማንትል የሚባለው አለት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፈሳሽ እሳት አይደለም፣ ጠጣር ነው፣ ግን በጣም ከመጋሉ የተነሳ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈሳል፣ ፕሌቶቹም እላዩ ላይ ይሄዳሉ። ዓለም ላይ ያሉት ትላልቅ የተራራ ሰንሰለቶች፣ ጥልቅ የባህር ገደሎች፣ በየጊዜው የሚፈነዱት እሳተ ገሞራዎች አብዛኞቹ ያሉት እነዚህ ቁራጮች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ተጋጭተው ሲገፋፉ ተራራ ይነሳል፣ ሲላቀቁ መሃሉ ይሰምጣል፣ ጎን ለጎን ተሻሽተው ሲተላለፉ ደግሞ መሬቱ እየተያዘ በድንገት ይለቃል።

የኛ እጣ መላቀቁ ነው። አፋር ላይ ሶስት ፕሌቶች ይገናኛሉ፣ በምዕራብ የኑቢያ፣ በምስራቅ የሶማሊያ፣ በሰሜን ምስራቅ የአረቢያ፣ ሶስቱም እየተራራቁ ነው። አረቢያ ከአፍሪካ ስትላቀቅ የተከፈተው ቦታ ቀይ ባህርና የኤደን ባህረ ሰላጤ ሆኗል፣ በኑቢያና በሶማሊያ መሃል ያለው ደግሞ ባህር ያልገባበት የኛው ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ከአፋር ተነስቶ በአዋሽ በአዳማ በዝዋይ በሀዋሳ በአርባ ምንጭ አድርጎ ወደ ኬንያ የሚወርደው።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። ስምጥ ሸለቋችን የሚሰፋው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከአድዋ ድል እስከ ዛሬ ባለው 130 ዓመት ውስጥ ይሄ ሲደመር 65 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል፣ በቃ ይሄው ነው። በዚህ አካሄድ አንድ ኪሎ ሜትር ለመስፋት 200,000 ዓመት ይፈጃል። ባህር ይገባል የሚለውን ጂኦሎጂስቶችም ይሉታል፣ ግን እነሱ ሲሉት የሚያስቡት በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ነው፣ የልጆችሽ የልጅ ልጆችም አይደርሱበትም።

ሁሌም ቀስ ብሎ ነው ብዬ ባልፍ ግን እውነቱን መደበቅ ይሆንብኛል። ፕሌቶቹ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሳባሉ፣ ጠርዙ ላይ ያለው አለት ግን ይዞ ይቆያል፣ ውጥረቱ ይጠራቀማል፣ ከዛ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ይሄን ዓለም ሁሉ ያየው መስከረም 1998 አፋር ዳባሁ ላይ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብቻ ማግማ፣ ማለትም ከመሬት ስር ያለ ቅልጥ አለት፣ ከስር መጥቶ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት መሬቱን ሰንጥቆ ገባ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ሁለቱ ወገን እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። መስከረም 16 ቀን ዳኡሬ የሚባለው ቦታ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ ተከፍቶ አመድ ወጣ፣ አርብቶ አደሮቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ሸሹ። 8 ሜትር ስትይው ብዙ ነው፣ ግን አስቢው፣ እዛ አካባቢ መራራቁ በዓመት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ይሄ የ400 ዓመት ጉዞ ተጠራቅሞ በአንድ ወር የተከፈለ ነው። እና አፋር ላይ አንድ ሰው በእድሜው መሬት ሲከፈት ሊያይ ይችላል፣ አገር ለሁለት ሲከፈል ግን አያይም።

ለልጆችሽ ይሄንኑ ንገሪያቸው፣ ህጻናት ከምናስበው በላይ ይገባቸዋል። የመንቀጥቀጡ ጊዜ ምን እንደሚደረግ መጨረሻ ላይ ለሌላ ጠያቂ መልሻለሁ፣ እሱን ግን አብራችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ከመተሃራ ወጥቼ አሁን አዳማ ዘመድ ጋ ነው ያለሁት። ቤቴ ተሰነጣጥቋል። ያ ሁሉ ወር ሲያንቀጠቅጠን የነበረው ምንድነው? ዶፈን ላይ የወጣው ጭስ እሳተ ገሞራ ነው ተብሎ ነበር፣ ከዛ አይደለም ተባለ። ብመለስ ይደገማል ወይ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈች፣ ቤት ጥሎ መውጣት ከባድ ነው። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ የሆነው በመሰረቱ ከላይ ስለ ዳባሁ የጻፍኩት ነገር ዘመድ ነው። ፈንታሌ ተራራ ስር የነበረ ማግማ ወደ ጎን መሬቱን እየሰነጠቀ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶፈን አቅጣጫ ሄደ። ማግማው ወደ ላይ መውጣት ካልቻለ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ሲገባ ዙሪያውን ያለውን አለት ይገፋል፣ ያ መገፋት ነው ቀንና ሌሊት የሚያንቀጠቅጣችሁ የነበረው። የሳተላይት ራዳር ምስሎች ላይ መሬቱ በየትኛው ወገን እንደተገፋና መሃሉ እንደወረደ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ታህሳስ 25 ቀን ዶፈን ላይ የፈነዳው እንፋሎት፣ አቧራና ድንጋይ ነው፣ ቅልጥ አለት አልወጣም። ከስር ያለው ሙቀት የከርሰ ምድሩን ውሃ አፍልቶት መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን በርቅሶ ወጣ። ለዚህ ነው አንዴ እሳተ ገሞራ ነው አንዴ አይደለም የተባለው፣ ምንጩ የእሳተ ገሞራው ሙቀት ነው፣ የወጣው ግን ላቫ አይደለም። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከአፋርም ከኦሮሚያም መነሳቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ላቫ አልወጣምና በከንቱ ተነሱ የሚል ሰው ካለ አትስማው።

ይደገማል ወይ ላልከው፣ መቼ እንደሆነ ቀኑን ቆርጦ መናገር የሚችል ሰው ዓለም ላይ የለም፣ ፌስቡክ ላይ "ነገ በዚህ ሰዓት" ብሎ የሚለጥፍ ሁሉ ይዋሻል። አካባቢው ግን የለመደው ነገር ነው። ፈንታሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ላቫ አፍስሷል፣ ጥቁሩን ድንጋይ መተሃራ አጠገብ አይተኸዋል። ትንሽ ወደ ሰሜን ደግሞ ግንቦትና ሰኔ 1953 ላይ ከራቆሬና ማጀቴ አካባቢ ከባድ መንቀጥቀጥ ነበር፣ ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። መጋቢት 1961 አፋር ውስጥ ሰርዶ ሙሉ በሙሉ ወደመች፣ ሰውም አለቀ። ስለዚ ስትመለስ ቤቱን በአሮጌው አሰራር መልሰህ አትስራው፣ ባለሙያ ሳያየው የተሰነጠቀ ግድግዳ ልሰህ አትግባበት፣ ይሄን እንደ ወንድም ነው የምለምንህ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ የማስተምረው ደጀን ነው። ተማሪዎቼ ከአባይ በረሃ ዛጎል የመሰለ ድንጋይ እያመጡ ያሳዩኛል። ከባህር በዚህ ሁሉ ርቀትና ከፍታ የባህር ዛጎል ከየት መጣ? የአካባቢው ሽማግሌዎች የኖህ ውሃ ነው ይላሉ። (መምህር፣ ከደጀን)

መልስ፦ መምህር፣ ይሄን ጥያቄ በማግኘቴ እንዴት እንደተደሰትኩ አልነግርዎትም፣ ምክንያቱም አባይ በረሃ በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ የመሬት ታሪክ መጻህፍት አንዱ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ጠርዙ ላይ ነው ያሉት። የሚቀጥለው ጊዜ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ መኪናው ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጠው የመንገዱን ዳር ድንጋይ ብቻ ይመልከቱ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ በእያንዳንዱ ጥምዝምዝ ወደ ኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ይሄዳሉ።

አናቱ ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ነው፣ ባሳልት፣ አንዳንድ ቦታ የተጠረበ አምድ መስሎ ተደርድሮ ይታያል። እሱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከሱ ዝቅ ሲሉ ነጣ ወደ ቢጫም ጠጋ ያለ በንብርብር የተቀመጠ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ተማሪዎችዎ ዛጎሉን የሚያገኙት ከዚህ ነው፣ እድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ከዛ ጂፕሰም፣ ከዛ ወደ ታች ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ያኔ አፍሪካና አረቢያ ገና አንድ ላይ ሆነው ከህንድና ከማዳጋስካር በቅርቡ መላቀቅ የጀመሩበት ጊዜ ነበር፣ የመሬቱ ጠርዝ ዝቅ ስላለ ከምስራቅ በኩል ባህር ገባበት፣ ጥልቅ ያልሆነ ሞቃት ባህር። ዛጎሎች፣ ኮራሎች፣ የባህር ጃርቶች ኖሩበት፣ ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወለሉ ላይ ተጠራቀመ፣ ያ ነው የኖራ ድንጋይ የሆነው። ሙገር ሸለቆ ያለውም ይሄው ድንጋይ ነው፣ እዛ ተፈጭቶ ተቃጥሎ ሲሚንቶ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው ስንቱ ህንጻ የቆመው በዛ የባህር ወለል ነው።

ከዛ ባህሩ ሸሸ፣ ረጅም ጊዜ አለፈ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ከጥልቁ ማንትል በጣም የጋለ አለት ተነስቶ ከስራችን መጣ። ድፎ ዳቦ ሲነፋ አናቱ እንደሚያብጥና እንደሚሰነጠቀው አገሩ ሁሉ ወደ ላይ አበጠ፣ በስንጥቆቹም ላቫ ወጣ። አንድ ተራራ ላይ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ብቻ አድርገው አያስቡት፣ ከረጃጅም ስንጥቆች እየፈሰሰ አገር የሚያለብስ ነው፣ አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ወጥቶ አንዳንድ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ክምር ሆነ። የሰሜን ተራሮች ከዛ ክምር በዝናብና በወንዝ ተቆርጠው የቀሩ ናቸው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ያለው ራስ ዳሸንም ጭምር። ላሊበላ የተፈለፈለውም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እና ዛጎሉን እዛ ከፍታ ላይ ያመጣው የውሃው መነሳት አይደለም፣ የመሬቱ መነሳት ነው፣ ከዛ በኋላ አባይ መጥቶ እየቆረጠ ወረደና ገለጠልን።

ስለ ኖህ ውሃ፣ ሽማግሌዎቹን አክብረው ይስሟቸው፣ የእምነቱን ለእምነት አባቶች እተዋለሁ። ለተማሪዎችዎ ግን አንድ ነገር ያሳዩዋቸው፣ ጂፕሰሙን። ጂፕሰም የሚቀመጠው የጨው ውሃ ረጅም ጊዜ በፀሐይ ሲተን ነው፣ አንድ ጊዜ መጥቶ በአንድ ዓመት የሸሸ ውሃ ያን ያህል ውፍረት ያለው ጂፕሰም አይተውም። ባህሩ ብዙ ጊዜ ሞልቶ ብዙ ጊዜ ደርቋል። ኤቨረስት ጫፍ ላይም 8,849 ሜትር ላይ የባህር ፍጡር ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ አለ፣ እሱን ያነሳው ደግሞ የህንድ ፕሌት ከእስያ ጋር መጋጨቱ ነው፣ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጀመረ ግጭት። ድንጋዮቹን በክፍል ውስጥ በንብርብራቸው ቅደም ተከተል ቢደረድሯቸው ደስ ይለኛል፣ የትኛው ከየትኛው ከፍታ እንደተነሳ እየጻፉ፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላም አይረሱትም።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ይሄን ነገር መጀመሪያ ያወቀው ማነው? ፕሌቶቹንስ ምንድነው የሚገፋቸው? (ተማሪ፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ ብሎ በደንብ የተከራከረው ጀርመናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ አልፍሬድ ቬጌነር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1912። የደቡብ አሜሪካና የአፍሪካ ዳርቻ ይገጥማል አለ፣ ሜሶሳውረስ የሚባል የትንሽ ተሳቢ እንስሳ ቅሪት ደግሞ ብራዚልም ደቡብ አፍሪካም ይገኛል፣ ያን ውቅያኖስ ዋኝቶ ሊሻገር አይችልም። ምን እንደሚገፋቸው ማስረዳት ስላልቻለ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፣ በ1930 እ.ኤ.አ. ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ። ከዛ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ማሪ ታርፕ የምትባል አሜሪካዊት ሴት የባህር ወለል ካርታ ስትስል አትላንቲክ መሃል ባለው ተራራ አናት ላይ ረጅም ሸለቆ እንዳለ አየች። ሴት ስለሆነች መርከቡ ላይ እንኳን እንድትወጣ አይፈቀድላትም ነበር፣ ሌሎች ያመጡትን ቁጥር ነው በወረቀት የሳለችው፣ መጀመሪያ ላይም አላመኗትም። በኋላ ያ የባህር ውስጥ ስንጥቅ ዓለምን እየዞረ ከምስራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር እንደሚያያዝ ታየ፣ አንቺ ካለሽበት ማለት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነገሩ ተረጋገጠ።

የሚገፋቸው ምንድነው ላልሽው፣ ከመገፋት ይልቅ መጎተቱ ይበልጣል። አሮጌ የባህር ወለል ቀዝቅዞ ስለሚከብድ በአንዱ ጠርዙ ወደ ማንትል ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ የቀረውን ፕሌት ይስባል። ጃፓን አጠገብ ያለው እንደዛ ነው፣ ለዛም ነው በ2011 እ.ኤ.አ. እዛ 9 የደረሰ መንቀጥቀጥና ሱናሚ የመጣው። እኛ ጋ ደግሞ ከስር የመጣው ሙቀት አገዘ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ስሰራ 11 ዓመቴ ነው። የአሰሪዬ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ "አገርሽ በየዓመቱ ከኛ እየራቀ ነው" አለችኝ። ሳቅኩባት፣ ግን ማታ ሳስበው ቆየሁ። እውነት ነው? (እህት፣ ከሳውዲ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅቷ ልክ ናት። አረቢያ ከአፍሪካ በዓመት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ትርቃለች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ባሉት 11 ዓመታት ውስጥ ቀይ ባህር አንድ ስንዝር እንኳን አልሞላ ይሆናል የሰፋው፣ ግን ሰፍቷል። ካርታ ላይ የሁለቱን ዳርቻ ብታቀራርቢያቸው ብዙው ቦታ ይገጥማል፣ የማይገጥመው አፋር ጋ ብቻ ነው፣ የመን እላዩ ላይ ትወጣለች። ምክንያቱም አብዛኛው የአፋር ዝቅተኛ መሬት ድሮ ያልነበረ ነው፣ ሲላቀቁ ከስር በወጣው ማግማ የተሞላ አዲስ መሬት ነው።

አሁን ያለሽበትም ያው የኛው ዘመድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ከመዲና ወደ ምዕራብ ሃራት ሉናዪር የሚባል የድሮ ላቫ ሜዳ ስር ማግማ ገብቶ ለሳምንታት አንቀጠቀጠ፣ የሳውዲ መንግስት በአስር ሺዎች ሰው ከአል ኢስ አካባቢ አስወጣ፣ ማግማው ሳይወጣ ቆመ። ፈንታሌ ላይ ከሆነው ጋር በጣም ይመሳሰላል። እና አረቢያ ከኛ ስትሸሽ ባዶ ቦታ ላይ አይደለም የምትሄደው፣ በሰሜን ቱርክን፣ በሰሜን ምስራቅ ኢራንን ትገፋለች። ጥር 29 ቀን 2015 ቱርክና ሶሪያ ላይ ከ50,000 በላይ ሰው የጨረሰው 7.8 የተለካ መንቀጥቀጥ የመጣው በዚሁ ግፊት ጠርዝ ላይ ነው። እኛ ጋ መሬት መክፈቱ እነሱ ጋ መሬት መጋፋት ነው፣ ይሄን ሳስብ የዛን ሰሞን ያየኋቸው ፊቶች አሁንም ይመጡብኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እስራኤል ነው የምኖረው። ሙት ባህርና የኛ አገር ስምጥ ሸለቆ አንድ ነው ይባላል፣ ልክ ነው? (አንባቢ፣ ከረሆቮት)

መልስ፦ በድሮ መማሪያ መጽሐፍ አንድ ረጅም ሸለቆ ተደርጎ ነው የሚሳለው፣ ይያያዛሉም፣ ግን አሰራራቸው ይለያል። የኛው የሚከፈት ነው፣ እናንተ ጋ ያለው ግን ተሻሽቶ የሚያልፍ ነው፣ የዮርዳኖስ ወገን በእስራኤል ወገን አንጻር ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ እስካሁን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንሸራቷል። መስመሩ ቀጥ ያላለበት ቦታ ላይ ሲንሸራተት ክፍተት ተፈጥሮ መሬቱ ሰምጧል፣ ሙት ባህር ያለው እዛ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ የውሃው ፊት ከባህር ወለል ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሐምሌ 1927 እ.ኤ.አ. ኢያሪኮን፣ ኢየሩሳሌምንና ናብሉስን የጎዳው መንቀጥቀጥ የዚሁ መስመር ነው፣ ስለዚ እዛም ህንጻችሁ መቼ እንደተሰራ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አባቴ በወጣትነቱ ከአፋር አሞሌ እያመጣ ይነግድ ነበር። ያ ሁሉ ጨው ባህር በሌለበት ከየት መጣ ብዬ ስጠይቀው እግዜር ያስቀመጠው ነው ይለኛል። (አንባቢ፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ አባትህን ሰላም በልልኝ። ዳናኪል ዝቅታ ከባህር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው፣ መሬቱ ሲሳብ የሰመጠ ቦታ ነው፣ ቀይ ባህር ደግሞ ብዙ ጊዜ ገብቶበታል። የመጨረሻው ትልቁ መግባት ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ዛሬም የዝቅታው ዳርቻ ላይ በደረቅ መሬት የቆመ ኮራል አለ፣ አባትህ በዛ ሲያልፍ ሳያየው አይቀርም። ከዛ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ዓለም ላይ ካሉት በጣም ሞቃት ቦታዎች አንዱ ላይ ታስሮ ተነነ፣ ጨው ብቻ ቀረ። ይሄ ደጋግሞ ስለሆነ የጨው ክምሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። አፋሮቹ በእንጨት እየፈነቀሉ በመጥረቢያ ቅርጽ እያስያዙ በግመል የሚጭኑት ጨው፣ ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው አሞሌ፣ የታሰረ ቀይ ባህር ነው። ዛሬ አብዛኞቻችን ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ደግሞ የአፍዴራ ነው፣ ሃይሊ ጉቢ ህዳር 14 ሲፈነዳ አመድ የለበሱት መንደሮች እዛው አካባቢ ናቸው፣ የከብት ግጦሽ የተሸፈነባቸው ሰዎች እንዳይረሱ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባል ነኝ። ነዋሪው መንቀጥቀጥ ሲመጣ ወደ ደረጃ ነው የሚሮጠው። ምን እናድርግ? (አዛውንት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይሄን ጥያቄ ሁሉም ኮሚቴ ቢጠይቅ ደስ ባለኝ። አዲስ አበባ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ አይደለችም፣ በምዕራብ ጠርዙ ላይ ናት፣ መንቀጥቀጡ ከአዋሽም ከላንጋኖም ይደርሳታል። በ1906 እ.ኤ.አ. ላንጋኖ አካባቢ የተነሳው 6.8 ገደማ ነበር፣ ከተማዋ ውስጥም በደንብ ተሰምቷል፣ ያኔ ግን ባለ ብዙ ፎቅ አልነበረም። እኔን የሚያስፈራኝ አገሩ መከፈሉ ሳይሆን ይሄ ነው።

ሲንቀጠቀጥ አይሮጥም። ደረጃ ላይ ነው ሰው የሚረጋገጠው፣ ሊፍት ከሆነ ጭራሽ አይነካም። ጠንካራ ጠረጴዛ ስር መግባት፣ እሱ ከሌለ ከመስኮትና ከቡፌ ርቆ ጎንበስ ብሎ ራስና አንገትን በእጅ መሸፈን፣ እስኪቆም እዛው መቆየት። ሲቆም ሲሊንደሩን መዝጋት፣ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ከህንጻውና ከኤሌክትሪክ ገመድ ራቅ ማለት፣ ተከታይ መንቀጥቀጥ ስለሚኖር ቶሎ አለመመለስ። ከአሁኑ ደግሞ ቁምሳጥን ላይ የተከመረ ሻንጣ ይውረድ፣ ቲቪና ቡፌ ግድግዳ ላይ ይታሰር።

ከዛ በላይ የሚበልጠው ግን ህንጻው ነው። ምድር ቤቱን ሱቅ ለማድረግ ግድግዳ ያፈረሰ፣ ሳሎን ለማስፋት ኮለን የነካ ነዋሪ ካለ ያስቁሙት፣ ምክንያቱም ስሩ ባዶ የሆነ ህንጻ መጀመሪያ የሚሰበረው ታች ነው። ከኮለኑ ጋር ያልታሰረ የብሎኬት ግድግዳ ተነቅሎ ሰው ላይ ይወድቃል። ጣራ ላይ የተጨመረ ሮቶ ካለ ክብደቱን አስልቶ ያስቀመጠው መሃንዲስ መሆኑን ይጠይቁ። አገራችን የመንቀጥቀጥ ዲዛይን ኮድ አላት፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ፣ በ2007 ደግሞ ተሻሽሏል፣ ስለዚ የህንጻዎ ዲዛይን በየትኛው ኮድ እንደተሰራ በጽሁፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ስብሰባ ላይ ይዘውት ይግቡ፣ መልሱን ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ ያስፍሩት።